ሰማያዊውን ምልክት አትከተሉ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአሽከርካሪዎች ዓምድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። ታናሽ ወንድሜ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ባለው ቅዳሜ ቦሎኛ ላይ ስለሚያገባ በመኪና ልንሄድ አስበናል። የስድስትና የሦስት ዓመት ልጆቻችንም፣ ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴም አብረውን ይጓዛሉ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃዱን ያወጣው እዚሁ ጀርመን ነው። «አውሮፓ ሕጉ አንድ ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ይለኛል። ሙሽራው ወንድሜ ደግሞ በስልክ «ድንበሩን ስታልፉ ጀርመን የተማራችሁትን እዚያው ጥላችሁት ኑ» ይላል። እርስዎ በሁለቱም አገር እንደነዱ ሰምቻለሁ። ማንኛቸውን ልመን?
በሁለቱ መካከል የቆመችው፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ጾሙ ሳይፈታ ያልደገሰ ሙሽራ ጨዋ ነው፤ ምክሩን ግን ግማሹን ብቻ ውሰጂለት። የባለቤትሽንም እንዲሁ ግማሹን።

ባለቤትሽ በወረቀት ላይ ስላለው ነገር አልተሳሳተም። በሁለቱም አገር በቀኝ ይነዳል። ከተማ ውስጥ ሌላ ምልክት ከሌለ 50 ነው። የተፈቀደው የአልኮል መጠን በሁለቱም 0.5 ፕሮሚል ሲሆን ለአዲስ አሽከርካሪ ዜሮ ነው። ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ በሁለቱም አገር ያለ ልጆች መቀመጫ አይጫንም (ጀርመን 12 ዓመት የሞላውን ቢያጥርም ትተወዋለች፣ ጣሊያን ግን አትተወውም)። የጀርመን መንጃ ፈቃድም ያለ ትርጉም ወረቀት ጣሊያን ውስጥ ይሠራል። ወንድምሽ «ጥላችሁት ኑ» ያለው ይህንን ከሆነ አትስሚው።

ልዩነቱ የሚመጣው ሕጉን ማን ይጠብቀዋል ሲባል ነው። ጀርመን አገር ሕጉን የሚጠብቀው ሰው ነው። ጣሊያን አገር የሚጠብቁት ቀለምና ካሜራ ናቸው። ይህንን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ቦሎኛ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነድቻለሁ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ፍራንክፈርት ውስጥ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ (ዓመቶቹን በምንኖርበት አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ፍራንክፈርት በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ ወዳጄን ከነሻንጣው ላወርድ የብስክሌት መንገድ ላይ ቆምኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላኝም። ቀና ስል ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ አንዲት አሮጊት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው በትንሽ ደብተር ይጽፋሉ። ፈገግ ብዬ እጄን አነሣሁላቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉና መጻፋቸውን ቀጠሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በመጣው ደብዳቤ ላይ ሰዓቱ፣ የታርጋ ቁጥሬና የቆምኩበት ቤት ቁጥር አንድም ሳይዛነፍ ሰፍሮ ነበር። ቦሎኛ ውስጥ ግን በዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው ታርጋዬን አልጻፈብኝም። ቡና ቤት በር ላይ በሁለተኛ ረድፍ ስቆም ባለቤቱ «ቶሎ በል!» እያለ እጁን ያወናጭፍ ነበር እንጂ ሌላ የለውም። እዚያ የጻፈብኝ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ሣጥን ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ባለቤትሽ ጀርመን ውስጥ ሰው ማየት ለምዷል። የጣሊያን ድንበር የሆነውን ብሬነርን ሲያልፍ ሰሌዳ ማንበብ ይጀምር። የመጀመሪያው ሰሌዳ ደግሞ ራሱ ያሳስተዋል፤ ቀለሙ ተገላብጧልና። ጀርመን ውስጥ የአውቶባን (የፈጣኑ መንገድ) ምልክት ሰማያዊ ነው፤ ቢጫው ወደ ተራው የፌዴራል መንገድ ይመራል። ጣሊያን ውስጥ ግን አውቶስትራዳው (የእነሱ ፈጣን መንገድ) አረንጓዴ ነው። ሰማያዊው ክፍያ የሌለበትን ተራ አገር አቋራጭ መንገድ ያመለክታል። ዓይኑ በሰማያዊ የሰለጠነ ሰው ቬሮና ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ይወጣል፣ ሲመለስ «ሞደና» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ ያያል፣ ደስ ብሎት ይከተላል። ከኦፌንባህ የመጣ ወዳጄ ይህንኑ አድርጎ ቁጥር 12 በሚባለው አሮጌ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቲማቲም ከጫነ ትራክተር ኋላ ተንፏቀቀ። ፍጥነቱ በሕግ 90 ነው፤ መንደር በደረሰ ቁጥር 50 ይሆናል፤ በየመንደሩ መግቢያም ብርቱካናማ የፍጥነት ሣጥን ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ቲማቲም ሲያይ ያዝናል። አረንጓዴውን፣ ኤ22 የሚለውን ተከተሉ። ሞደና አጠገብ ሲያልቅ ወደ ኤ1 ገብታችሁ ቦሎኛ ትደርሳላችሁ።

ስለ ፍጥነት። ጀርመኖች ሲጠየቁ «130» ይላሉ፤ ጣሊያኖችም «130» ይላሉ፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ሁለት ነው። በአውቶባን ላይ፣ ምልክት በሌለበት ቦታ፣ 130 ከ1978 ጀምሮ ምክር ነው። ከዚያ በላይ የነዳ ሰው በዚያ ብቻ አይቀጣም። አደጋ ከደረሰ ግን ጥፋቱ የሌላው ቢሆን እንኳ የካሣውን ከፊል ሊሸከም ይችላል። በአውቶስትራዳ ላይ 130 ጣሪያ ነው። ሰማዩ ካፊያ ከጣለ ጣሪያው ወደ 110 ይወርዳል፤ ይህ የሚለወጠው ያለ ምንም ተጨማሪ ሰሌዳ ነው። መጥረጊያችሁ ሲንቀሳቀስ ፍጥነታችሁ መውረድ አለበት። ባለቤትሽ መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ሦስት ዓመት ካልሞላው ደግሞ በአውቶስትራዳ 100፣ ከዚያ በሚያንሰው ዋና መንገድ 90 ነው የሚፈቀድለት። ሙሽራው ይህንን ረስቶት ከሆነ አትፍረጂበት፣ ጣሊያኖቹም ይረሱታል።

አሁን ካሜራው። ጀርመን ውስጥ የለመድነው ካሜራ አንድ ቦታ ላይ «ቦግ» የሚል ነው፤ ሰው ሲያየው ፍሬን ይይዛል፣ ሲያልፈው ነዳጅ ይሰጣል። ጣሊያኖች ከ2005 ጀምሮ «ቱቶር» የሚሉት ዘዴ አላቸው። መንገዱ ላይ በተጋደመው ብረት ሥር ስታልፉ ታርጋችሁ ይነበባል፤ ከብዙ ኪሎ ሜትር በኋላ በሌላ ብረት ሥር ስታልፉ እንደገና ይነበባል፤ ከዚያ ርቀቱ ለሰዓቱ ይካፈላል። በስሌት ላሳይሽ፤ አሥር ኪሎ ሜትር በ130 የነዳ ሰው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ይፈጅበታል። በ4 ደቂቃ ብቻ የደረሰ ሰው በአማካይ 150 ነድቷል፤ ብረቱ ሥር ሲደርስ በ90 ቢያዘግምም መዝገቡን አይለውጠውም። ፍሬን መያዝ የማይጠቅምበት ካሜራ ይህ ነው። በፍጥነት የሚጣለው ቅጣት ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት ድረስ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል፤ «ሌሊት መንገዱ ባዶ ነው» ብሎ ለሚመክራችሁ ዘመድ ይህንን ንገሩት።

የመብራት ብልጭታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አደገኛው ልዩነት እሱ ነውና። ፍራንክፈርት ውስጥ ጠባብ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና ረጅም መብራቱን ብልጭ ካደረገልሽ «ግቢ፣ እኔ ቆሜልሻለሁ» ማለቱ ነው። ጣሊያን ውስጥ ያው ብልጭታ «እኔ እየመጣሁ ነው፣ አንቺ ቁሚ» ነው። በቦሎኛ የመጀመሪያ ሳምንቴ አላውቀውም ነበርና ከኖርኩበት የአዲስ አበባ ልማድ ገምቼ ልቆም ስል፣ እሱም ሳይቆም እልፍ ሲል፣ ሁለታችንም ትክክል ሆነን ተላለፍን። ከጀርመን የመጣ ሰው ግን «ፈቀደልኝ» ብሎ ይገባል።

የትራፊክ መብራትም እንደዚሁ። ጀርመን ውስጥ ከቀዩ በኋላ ቀይና ቢጫ አብረው ይበሩና ማርሽ ለማስገቢያ ጊዜ ይሰጣሉ። ጣሊያን ከቀይ ቀጥታ ወደ አረንጓዴ ይዘላል፤ ከኋላ ያለው ሰው ጥሩንባም አብሮ ይዘላል። ጀርመን ውስጥ ከመብራቱ አጠገብ ትንሽ አረንጓዴ የቀስት ሰሌዳ ካለች፣ ሙሉ በሙሉ ከቆሙ በኋላ በቀይም ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈቀዳል። ከምሥራቅ ጀርመን የተወረሰች ልማድ ናት። ጣሊያን ውስጥ ይህች ቀስት የለችም፤ ቀይ ቀይ ነው።

ወደ ክፍያው። በኦስትሪያ ሁለት ነገር ትከፍላላችሁ፤ የመስታወት ላይ ተለጣፊውን (አሁን በታርጋ የሚመዘገበውም አለ) እና ለብቻው የሚከፈለውን የብሬነር መንገድ። ኦስትሪያ በዚህ ይብቃት፤ ጥያቄሽ ስለ ሁለት አገር ነው። ጀርመን ከግል መኪና የመንገድ ክፍያ አትጠይቅም። ጣሊያን ውስጥ ስትገቡ ከማሽን ካርኒ ትቀበላላችሁ፣ ስትወጡ ትከፍላላችሁ። ካርኒውን የጣለ ሰው ከሩቁ መግቢያ እንደመጣ ተቆጥሮ ይከፍላል፤ ስለዚህ ለልጆቹ አትስጪ፣ መስታወቱ ሥር አታስቀምጪ። ለእናትሽ ስጪያቸው። በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል፤ እስከ ቦሎኛ ንፋስም ልጅም አይፈታውም። መውጫው ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ግን ቀና በሉ። ቢጫው መስመር ቴሌፓስ የሚባለው መሣሪያ ላላቸው ብቻ ነው። ሰማያዊው ለካርድ፣ ገንዘብና እጅ የተሳለበት ነጩ ለጥሬ ገንዘብ ነው። ተሳስታችሁ ቢጫው ውስጥ ከገባችሁ በምንም ምክንያት ወደ ኋላ አትመለሱ። የእርዳታ ቁልፉን ተጫኑ፤ ማሽኑ የሂሳብ ወረቀት ያትምላችኋል፤ በ15 ቀን ውስጥ ትከፍሉታላችሁ። ከኋላችሁ ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ስለ እናታችሁ የሚናገረውን እናትሽ ጣሊያንኛ አይችሉም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

መኪና በቆመበት ወረፋ ውስጥ አምቡላንስ ከኋላ ሲመጣ ምን ይደረጋል? ጀርመን ውስጥ መኪኖቹ በእግር ፍጥነት መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ገና፣ ሳይረኑ ሳይሰማ፣ የግራ ዳሩ ረድፍ ወደ ግራ፣ የቀሩት ሁሉ ወደ ቀኝ ይጠጋሉ፤ መካከሉ ይከፈታል። ያልከፈተ ሰው ቢያንስ 200 ዩሮ፣ ሁለት የጥፋት ነጥብና የአንድ ወር የመንዳት እገዳ ይጠብቀዋል። ጣሊያን ውስጥ አምቡላንስ የሚያልፈው በቀኝ ዳር ባለው የአስቸኳይ ጊዜ መስመር ነው። ያ መስመር ከሌለ ወይም ከተዘጋ፣ በቀኙ ረድፍ ያሉት ወደ ግራ ይጠጋሉ። ልብ በይ፤ የቀኝ ረድፉ ሰው በአንዱ አገር ወደ ቀኝ፣ በሌላው ወደ ግራ ነው የሚጠጋው። በእኔ አስተያየት የጀርመኑ ይሻላል።

አሁን ምሰሶ ላይ ወደ ተሰቀለው ሣጥን። ቀይ ክብ፣ ውስጡ ነጭ፣ ሥሩ ሰዓት የተጻፈበት ሰሌዳ ታያላችሁ፤ «ዜታ ቲ ኤሌ» ይሉታል፣ ትራፊክ የተገደበበት ክልል ማለት ነው። አሮጌው የከተማ እምብርት ለነዋሪና ፈቃድ ላለው ብቻ የተተወ ነው። ባለቤትሽ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ስለማያውቅ ሳይሆን የሚመስል ነገር ስለሚያውቅ ነው። ፍራንክፈርትም የአካባቢ ጥበቃ ክልል አላት፤ ነገር ግን የእሷ ጥያቄ «መኪናህ ምን ያህል ጭስ ያወጣል?» የሚል ነው። አረንጓዴውን ተለጣፊ የለጠፈ ሰው ቀንም ሌሊትም ይገባል። የጣሊያኑ ጥያቄ «አንተ ማን ነህ?» ነው። የጀርመን አረንጓዴ ተለጣፊ እዚያ ጌጥ ናት።

ከዚህ የባሰችው ወጥመድ አንዲት ቃል ናት። በአንዳንድ ከተሞች በሩ ላይ በኤሌክትሪክ የሚበራ ጽሑፍ አለ፤ «ቫርኮ አቲቮ» ይላል። «በሩ እየሠራ ነው» ማለት ነው። ሰው «እየሠራ ነው» ሲል «ክፍት ነው» ብሎ ይረዳዋል። የሚሠራው ካሜራው ነው! «ቫርኮ አቲቮ» ሲል አትግቡ፤ «ኖን አቲቮ» ሲል ግቡ። እኔ ዘጠኝ ዓመት ጣሊያን ውስጥ ዳቦ ሳከፋፍል የሥራ ፈቃድ ስለነበረኝ ይህንን ሰሌዳ አንብቤው አላውቅም። በ2014 ግን በፍራንክፈርት ታርጋ፣ ባለቤቴን ይዤ፣ በመካከለኛው ጣሊያን ባለች አንዲት ከተማ ሆቴል ፍለጋ እምብርቷን ዞርኩ። «እዚህ አገር እኔ ባለሙያ ነኝ» እያልኩ ነበር የምዞረው። አሥር ወር ሊሞላ ሲል አራት ፖስታ በአንድ ቀን መጣ። አራቱም በጥሩ ጀርመንኛ የተጻፉ ናቸው። በየአንዳንዱ ላይ ሰዓቱ ነበር፤ 16:02፣ 16:09፣ 16:15፣ 16:31። ባለቤቴ በተራ ደረደረቻቸውና «ሆቴሉን ያገኘነው ከአምስተኛው በፊት ነው ማለት ነው» አለች። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ማለፍ ለብቻው ይቀጣ ነበር፤ አንዱ ከ80 ዩሮ በላይ ነው። በአምስት ቀን ውስጥ የከፈለ ሰው 30 በመቶ ይቀነስለታል። ከፈልኩ፤ ሌላ ምን ላደርግ?

ለውጭ አገር ነዋሪ ቅጣቱን ለማድረስ ጣሊያኖቹ 360 ቀን አላቸው፤ ስለዚህ በመስከረም ምንም ካልመጣ «ተረፍን» አትበሉ። የጀርመን መንግሥትም ከ70 ዩሮ ጀምሮ ያለውን የሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ቅጣት ተቀብሎ ማስከፈል ይችላል። ነጥቡ ግን አይሻገርም። ነጥብ ሲነሣ ይህችን ልጨምር፤ ጀርመን ውስጥ ሰው ነጥብ እየሰበሰበ ስምንት ሲሞላ መንጃ ፈቃዱን ያጣል፤ ጣሊያን ውስጥ ሃያ ይሰጠውና እየተቀነሰ ዜሮ ሲደርስ ነው። አንዱ ኃጢአት ይቆጥራል፣ ሌላው ጸጋ ይቀንሳል፤ የትኛው የትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ለቀሳውስት ትቼዋለሁ።

የቦሎኛ እምብርት የሚዘጋው በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። እኛ ስንል ነው፤ ሰሌዳው ላይ 7 እና 20 ተብሎ ታዩታላችሁ። ቅዳሜና እሑድም ይጨምራል። ከዋናው አደባባይ የሚነሡት ሦስቱ ትልልቅ ጎዳናዎች የባሰ ጥብቅ ናቸው። ሆቴላችሁ ከተዘጋው ክልል ውስጥ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ስልክ ደውላችሁ ታርጋችሁን አስመዝግቡ፤ ሆቴሎቹ ይህንን የማድረግ ፈቃድ አላቸው፣ ካልተጠየቁ ግን ይረሱታል። ታርጋውን ፊደል በፊደል አንብቢላቸው፤ ከፍራንክፈርቱ «ኤፍ» በኋላ ግን ሰረዝ አትጨምሪ። በ2024 ደግሞ ቦሎኛ ከጣሊያን ትልልቅ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆና አብዛኛውን የከተማ ጎዳናዋን ወደ 30 አውርዳ ነበር፤ ምልክቱን እያያችሁ ንዱ።

መኪናውን ስታቆሙ መሬት እዩ። ነጭ መስመር ነጻ ነው፣ ሰማያዊ በክፍያ ነው፣ ቢጫ የሌላ ሰው ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት የተጠላለፉ መዶሻዎች ከተሳሉ «በሥራ ቀን» ማለት ነው፤ ቅዳሜ በጣሊያንም በጀርመንም የሥራ ቀን ነው። ሰርጉ ቅዳሜ ስለሆነ ነው የምነግርሽ። መስቀል ከተሳለ እሑድና በዓል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን መስሎት በደስታ ያቆመ ወገን አውቃለሁ።

የቀረውን በሩጫ። ከከተማ ውጭ ጣሊያን ውስጥ ቀንም አጭር መብራት ይበራል። ቢጫ ሰደርያና ሦስት ማዕዘን በሁለቱም አገር መኪና ውስጥ ይኑር፤ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን የምታስገድደው ጀርመን ናት። ስልክ በእጅ የያዘ ጀርመን ውስጥ 100 ዩሮና አንድ ነጥብ፣ ጣሊያን ውስጥ ከታኅሣሥ 2024 ወዲህ ቢያንስ 250 ዩሮ ነው። ካርታውን ባለቤትሽ ሳይሆን አንቺ ያዥ።

ጥያቄ፦ እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት በቤተሰብ ማገናኘት ቦሎኛ ነው። የአሥራ አራት ዓመት የመንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ሲኖትራክ ሳይቀር ነድቻለሁ። ሽቱትጋርት ያለው የአክስቴ ልጅ «ጀርመን ብትመጣ ይቀይሩልሃል» ይለኛል። እውነት ነው?
ሾፌሩ፣ ከቦሎኛ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ ስለወደደህ ነው እንጂ እውነት አይደለም። በሁለቱም አገር ያለ ፈተና የሚቀየርላቸው አገሮች ዝርዝር አለ፤ ኢትዮጵያ በሁለቱም ላይ የለችም። ልዩነቱ በጊዜውና በፈተናው ነው። ነዋሪ ሆነህ ከተመዘገብክበት ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያው መንጃ ፈቃድህ ከትርጉሙ ጋር ጣሊያን ውስጥ አንድ ዓመት፣ ጀርመን ውስጥ ስድስት ወር ይሠራል። ከዚያ በኋላ የነዳህ እንደሆነ ያለ መንጃ ፈቃድ እንደነዳህ ነው የምትቆጠረው፤ የአሥራ አራት ዓመት ልምድህን ማንም አይጠይቅህም።

ጀርመን ውስጥ የጽሑፍና የተግባር ፈተናውን ትወስዳለህ፤ እንደ ጀማሪ የተወሰነ ሰዓት ተማር ተብለህ ግን አትገደድም። የጽሑፉ ፈተና ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋ ይሰጣል። አማርኛ የለበትም፤ እንግሊዝኛና ዓረብኛ አሉ። ጣሊያን ውስጥ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ፤ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ከሚናገሩት የድንበር አካባቢዎች በቀር ፈተናው በጣሊያንኛ ነው። ሠላሳ «እውነት ወይስ ሐሰት» በ20 ደቂቃ፤ ከሦስት በላይ ከሳትክ ወድቀሃል። እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። የጣለኝ መኪናው ሳይሆን «ሴምፕሬ» የምትል ቃል ናት፤ «ሁልጊዜ» ማለት ነው። ዐረፍተ ነገሩ እውነት ሆኖ ሳለ «ሁልጊዜ» ስትገባበት ሐሰት ይሆናል። «ሶሎ»ም እህቷ ናት። ሁለቱን ባየህ ቁጥር እስትንፋስህን ሰብስብ።

ግን አንድ ሀብት አለህ፤ ሳታውቀው ጣሊያንኛ ትችላለህ። እኔ ጣርማበርን በኤንትሬ ፊያት ረዳት ሆኜ ስወጣና ስወርድ የተማርኳቸው ቃላት ቦሎኛ ጋራዥ ውስጥ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። የዳቦዋ መኪና በሦስተኛው ቀን አልሄድ ስትለኝ ጣሊያንኛዬ «ቦንጆርኖ» ላይ ነበር የሚያልቀው። መካኒኩ ፊት ቆሜ እግሬን ወደ ታች እየረገጥኩ «ፍሪሲዮን» አልኩት። ሰውየው በዘይት የተለወሰ እጁን ጠረገና «ላ ፍሪስዮኔ!» ብሎ ሥሯ ገባ። ከዚያ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ እያልኩ ስቆጥርለት ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቡና ጋበዘኝ። አንዷ ብቻ ታሳስትሃለች፤ እኛ ዘንድ ቦሎ የዓመታዊ ምርመራው ማስረጃ ናት፤ እዚያ «ቦሎ» የመኪናው ዓመታዊ ግብር ነው። ምርመራው ሌላ ስም አለው፣ «ሬቪዚዮኔ» ይባላል፤ መኪናው በተመዘገበ በአራተኛው ዓመት ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ነው። ቦሎ ከፍለህ «መርምሬያለሁ» ብለህ ፖሊስ ፊት እንዳትከራከር፤ እኔ ተከራክሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሙኒክ ውስጥ አንዱ መንገዴን ቢዘጋብኝ ጣቴን ግንባሬ ላይ አድርጌ «ጤነኛ ነህ?» አልኩት። ታርጋዬን ጽፎ ከሰሰኝ፤ ከፖሊስ ደብዳቤ መጣ። ጣሊያን የሚኖረው ወንድሜ በሳቅ ሞተ። ይህ እውነት ወንጀል ነው?
የተገረመው፣ ከሙኒክ

መልስ፦ ነው። በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 185 ስድብ ወንጀል ነው፤ እጅም ይሳደባል። ቅጣቱ በቀን ገቢህ ልክ ተሰልቶ የሚመጣ ስለሆነ ደህና ደመወዝ ካለህ ጣትህ ውድ ናት። ጣሊያኖች በሁለት እጃቸው ሲያወሩ መሪውን ማን እንደሚይዘው እኔም ዘጠኝ ዓመት ስደነቅ ኖሬያለሁ፤ ወንድምህ ስለዚያ ነው የሚስቀው። ለደብዳቤው ግን አንተ ብቻህን መልስ አትጻፍ። «አዎ አድርጌዋለሁ፣ ግን እሱ ነው የጀመረው» ብሎ የጻፈ አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ተነበበለት፣ ሁለተኛው አልተነበበለትም። ጠበቃ ዘንድ ሂድ። እስክትሄድም ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታ አትጣል፤ ቀኑ የሚቆጠረው እሱ ላይ ከተጻፈው ሊሆን ይችላል።